ጫማ ውስጥ የተኛችው ጫጩት

ችኩሌ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የምትኖረው መንገድ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከእናቷ፣ ከአባቷና ከትንሽ ወንድሟ ከማሙሽ ጋር ነበር። ችኩሌ ብለው ስም ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው። ስትበላ ትቸኩላለች። ስትጽፍ ትቸኩላለች። እዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት ጸሎት ላይ እንኳ እኛ ገና መሃል ላይ ሳለን እሷ «አሜን» ብላ ዓይኗን ትገልጣለች። አትሳቁ ልጆች። ከእናንተም መሃል እንዲህ የሚያደርግ አውቃለሁ፤ ስሙን ግን አልጠራም።

የፊተኛዋ ክፍል የአባቷ የሥራ ቦታ ናት። አባቷ ጫማ ሰፊ ነው። ግድግዳው ሥር ሊጠገኑ የመጡ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ አፉን የከፈተ ቦት ጫማ፣ ተረከዙ የተበላ የሴት ጫማ፣ ማሰሪያው የጠፋ የተማሪ ጫማ። ጠረጴዛው ላይ መዶሻ፣ ወስፌ፣ ክርና አንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ አለ። ማስቲሽ የጫማ ሶል የሚጣበቅበት ነው። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ልጆች እንዳይነኩት አባቷ ደጋግሞ ተናግሯል። እናቷ ደግሞ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ ቤት የምትገባው ሲመሻሽ ነው።

አሁን ወደ ማሙሽ ልምጣ። ማሙሽ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን አይናገርም። «እማ» ይላል፣ «አባ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ጎረቤት መቼም ዝም አይልም። አንዷ ምላሱ ታስሮ ነው ትላለች። ሌላዋ አባቱም ልጅ ሳለ እንዲሁ ነበር ትላለች፤ አባቱን ግን ልጅ ሳለ አይታው አታውቅም። እናትየው በሐሳብ እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ልጁን ይዛ ነርስ ዘንድ ሄደች።

ነርሷ ጆሮውን አየች፣ ጉሮሮውን አየች፣ ቁጭ ብላም አጫወተችው። ልጁ ጤነኛ እንደሆነ ነገረቻት። የሥዕል መጽሐፍ እያሳያችሁ አጫውቱት አለቻት፤ ይህ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት፣ ከዚያ ጠብቁት፤ ባይመልስም ጠብቁት፤ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

እናትየው ከዚያ ወደ እኔ መጣች። እኔም ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ቁም ሣጥን አንድ የሥዕል መጽሐፍ አዋስኳት። መጽሐፉ መተኛ ቦታ ስለምትፈልግ አንዲት ጫጩት ነው። ቅርጫት ውስጥ ትገባለች፤ ስንጥሩ ይወጋታል። ብርጭቆ ውስጥ ትገባለች፤ ይጠባታል። ባርኔጣ ውስጥ ትገባለች፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ወደ መጨረሻው ግድም አንድ ትልቅ ጫማ ታገኝና ጥቅልል ብላ ትተኛበታለች። ከጫማው አፍ ቢጫ ጭንቅላቷ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል።

አደራው የወደቀው ችኩሌ ላይ ነው። እናቷ ሁለት እጇን ይዛ፣ «ከትምህርት ቤት ስትመጪ መጀመሪያ ከማሙሽ ጋር መጽሐፉን እዩ፤ ከዚያ ትጫወቻለሽ። አደራ የኔ እናት፣ አታጣድፊው» አለቻት። ችኩሌም እሺ አለች። ያን ጊዜ ከልቧ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። ማሙሽ ጭኗ ላይ ይቀመጣል። እሷ ታነባለች፣ እሱ ጣቱን ሥዕሉ ላይ ያሳርፋል። ጫማው ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ጣጣ ይመጣል፤ ማሙሽ ከዚያ ገጽ ንቅንቅ አይልም። ጫጩቷን ያያል። ዞር ብሎ የአባቱን ክፍል ያያል። ተመልሶ ጫጩቷን ያያል። ከዚያ ቀና ይልና የእህቱን ፊት እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ገጹን ልትገልጥ ስትል በሁለት እጁ ይጫንባታል።

ውጭ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ገመድ ይዘላሉ። ገመዱ መሬቱን ሲመታ እስከ ቤት ይሰማል። «ችኩሌ፣ ተራሽ አለፈ» ይሏታል። እግሯ ወንበሩ ሥር ይዘላል፤ ማሙሽ ግን ገና ጫጩቷን እያየ ነው። ልጆች፣ ፈተና ሁልጊዜ የሚያስፈራ ነገር መስሎ አይመጣም። ለችኩሌ የመጣው በገመድ ዝላይ ነው።

አንድ ቀን አባቷ ቆዳ ሊገዛ ወጣ አለ፤ ማሙሽንም እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ችኩሌ የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፈተች። ጫማው ያለበትን ገጽና በትይዩው ያለውን፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ገጽ ቀባች። ገጽ ለገጽ አጋጥማ በመዳፏ ተጫነችው። ሁለቱ ገጾች አንድ ወፍራም ገጽ ሆኑ። ጫጩቷ መሃል ላይ ቀረች።

ማሙሽ ሲነቃ መጽሐፉ አጥሮ ጠበቀው። ጫጩቷ ከባርኔጣው በኋላ የትም አልተኛችም። ችኩሌ «አለቀ» ብላ መጽሐፉን ሰጥታው ወደ ገመዱ ሮጠች። እሱ ብቻውን ቀረ። ወደ ፊት ገለጠ፣ ወደ ኋላ ገለጠ። አባቱ ከጫማ ውስጥ ጠጠር እንደሚያራግፈው መጽሐፉን ዘቅዝቆ አራገፈው። የወደቀ ነገር አልነበረም። ወንበሩ ሥር አየ፤ እዚያም አልነበረችም።

ማታ እናቷ መጽሐፉን አይተው እንደሆነ ጠየቀቻት። «አዎ እማዬ፣ እስከ መጨረሻው» አለች ችኩሌ። እናቷ ማሙሽ ያለው ነገር እንዳለ ጠየቀች። ምንም አላለም አለቻት። እናቷ ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማሙሽ መጽሐፉን ማምጣት ተወ። ጭኗ ላይ ስታስቀምጠው ተንሸራቶ ይወርዳል። ችኩሌ የፈለገችውን አገኘች፤ እስኪደክማት ዘለለች። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሆነባት፤ በዘለለች ቁጥር ይቆረቁራታል።

አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ፣ እናቷ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ አባቷ ከሥራ ቦታው ተጣራ። «ኑ እስቲ፣ ይህን ልጅ እዩልኝ።»

ማሙሽ ጫማዎቹ መሃል መሬት ላይ ተቀምጧል። አንዱን ጫማ ያነሳል፤ እጁን ይከትበታል፤ ቀጥሎ ዓይኑን አስጠግቶ ያያል፤ ወደ ጎን ያስቀምጠውና ሌላውን ያነሳል። አባቷ ሙያዬን ሊወርስ ነው እያለ ይስቃል። ማሙሽ ግን አይስቅም። ተራው የትልቁ ቦት ጫማ ሆነ። ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተበት፣ ፈተሸ፣ አወጣ። ባዶ መዳፎቹን ወደ እነሱ ዘርግቶ አንድ ቃል ተናገረ።

«የለም።»

ጥርት ያለ ቃል ነበር። ቤቱ በደስታ ተገለባበጠ። የእናትየው ቦርሳ ከትከሻዋ ወደቀ። ተመስገን ተመስገን እያለች ማሙሽን አንስታ ሳመችው፤ እንባዋ ጉንጩን አረጠበው። አባቷ መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ እናትየው ችኩሌንም ሳብ አድርጋ አቀፈቻት። «አንቺ ነሽ ያናገርሽው። ተግተሽ ስላነበብሽለት ነው» አለቻት።

ማሙሽ ግን ከእናቱ ክንድ ወርዶ ወደ ቦት ጫማው ተመለሰ። አሁንም እጁን ከትቶ ፈለገ። አሁንም «የለም» አለ፤ በዚህኛው ጊዜ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«የሌለው ምንድን ነው የኔ ጌታ?» እናቱ ጠየቀችው። አባቱም አላወቀም። የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም በእናቷ እቅፍ ውስጥ ናት።

ልብ በሉልኝ ልጆች። ችኩሌ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ምስጋናው የእሷ ሆኖ ይቀር ነበር። ወንድሟ ግን ጫማ ሲፈትሽ ይኖራል። ልቧ ይህን አልቻለውም።

«ጫጩቷን ነው የሚፈልገው» አለች። «እኔ ነኝ የደበቅኳት።»

ሄዳ መጽሐፉን አመጣች። አባቷ ወፍራሙን ገጽ በጣቱ ዳበሰው፣ አሸተተው። የማስቲሽ ሽታ እሱን አያታልለውም። ቆርቆሮውን መንካቷ አስቆጥቶት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን ቁጣው በረደ። እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«እዚያ ገጽ ላይ በጣም ይቆያል፤ ገመዱ ያመልጠኛል» አለች ችኩሌ እያለቀሰች።

«የኔ ልጅ፣ እዚያ የሚቆየው የሚናገረው ነገር ስላለው ነው» አለቻት እናቷ። ሌላ ቁጣ አልጨመረችም። ችኩሌ ግን ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

እናቷን ይቅርታ ጠየቀች፤ አባቷንም ጠየቀች። ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክካ ማሙሽን ይቅር በለኝ አለችው። ማሙሽ ይቅርታ ምን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ጫማ አነሳና እሷም እንድትፈልግለት ሰጣት።

ማስቲሽ ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል። አባቷ ይህን ያውቃል፤ እናቷ ደግሞ ካውያ ታውቃለች። ገጹን ጨርቅ አለበሰችና ካውያውን ለብ አድርጋ አሳረፈችበት። «የምታላቅቂው ግን አንቺ ነሽ» አለ አባቷ። «ከቸኮልሽ ይቀደዳል።» ችኩሌ በጥፍሯ ትንሽ አላቀቀች። እናቷ ደግማ አሞቀች፤ እሷ ደግማ ትንሽ አላቀቀች። ራቱ ቀዘቀዘ። ማንም ግን ቶሎ በይ አላላትም፤ እሷም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለችም።

ገጹ ተላቀቀ። የጫጩቷ ምንቃር ግን ከትይዩው ገጽ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ችኩሌ እንደገና ልታለቅስ ስትል አባቷ ሶል የሚያሰምርበትን እርሳስ ሰጣት። ትንፋሿን ይዛ አዲስ ምንቃር ሳለችላት። ትንሽ ጠመም አለ እንጂ ምንቃር ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ማሙሽን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከውጭ ተጣሩ። «እናንተ ዝለሉ፣ እኔ ስጨርስ እመጣለሁ» አለቻቸው። ቅርጫቱ አለፈ፣ ብርጭቆው አለፈ፣ ባርኔጣውም ከነፋሱ ጋር ሄደ። ጫማው ያለበት ገጽ ተገለጠ። ማሙሽ ተጎንብሶ አየ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችው። ከዚያ ጠበቀችው። ገመዱ ውጭ መሬቱን ይመታል። ማሙሽ ወደ አባቱ ክፍል አየ። የእህቱን ፊት አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እሷ አሁንም ጠበቀች። በመጨረሻ ጣቱን ቢጫው ጭንቅላት ላይ አሳርፎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አለ።»

በወዲያኛው ክፍል የመዶሻው ድምፅ ቆመ። ችኩሌ ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች፤ ገጹን ግን አልገለጠችውም፤ ገና እያየ ነበራ።

መጽሐፉ ዛሬ በእኛ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ጫጩቷ ለምን የእርሳስ ምንቃር እንዳላት ስትጠይቁኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኳችሁ። ማሙሽንም ታውቁታላችሁ፤ ትምህርቱ ሳያልቅ ከኋላ ወንበር የሚያወራው እሱ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ዝም በል ብንለው አይሰማንም።

ልጆቼ፣ ትንሽ ልጅ አደራ ስትባሉ የሚያያችሁ ባይኖርም ጊዜያችሁን ሳትሰስቱ በትዕግሥት ስጡት፤ ካጠፋችሁም ምስጋናው ሳያታልላችሁ እውነቱን ተናገሩ።