የስሄሬንሁክ ቆብ

«የዘንድሮ ሽንኩርት ያስለቅሳል» አለች ሴትዮዋ።

ሌውንቼ ዞር አላለችም። ጀርመኖች በያዟት በኹስ ከተማ፣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ ሰልፉ ውስጥ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ቆማለች። ከምሥራቅ የካናዳውያን መድፍ ያጉረመርማል።

«የአምናው ይብስ ነበር» ስትል መለሰች።

የምስጢር ቃሉ ገጠመ። የከብት ሐኪሙ ኢዛክ፣ በድብቅ ስሙ «ደወል»፣ ራሱ መምጣት ካልቻለ ሴት እንደሚልክ ነግሯት ነበር። የእሷ የድብቅ ስም «ወፍጮ» ነው። ወፍጮ ማን እንደሆነች የሚያውቀው ደወል ብቻ ነው። ለከተማው ሰው እሷ የጀርመኑ ሻምበል አስተርጓሚና ወጥ ሠሪ ናት። ሌላም ስም አውጥተውላታል፤ ስታልፍ ጠብቀው ይሉታል።

«ደወል ትኩሳት ይዞት ተኝቷል» ሴትዮዋ አንሾካሾከች። «እኔ የስሄሬንሁክ ልጅ ነኝ። የቄሱ እህት ልጅ። አይዞሽ እህቴ።»

ሌውንቼ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

ቆቡ ክብ ነበር።

በደቡብ ቤፈላንት የፕሮቴስታንት ሴት ነጭ ቆብ እንደ ዛጎል ክብ ነው፤ የካቶሊኳ ማዕዘን አለው። ስሄሬንሁክ ደግሞ የካቶሊክ መንደር ነው። የዚያ ቄስ እህት ልጅ ክብ ቆብ ደፍታ ከምትወጣ ራቁቷን ብትወጣ ይቀላታል።

ጀርመኖቹ ከአራት ዓመት በላይ እዚህ ተቀምጠዋል። ቅቤውን በልተዋል፣ ብስክሌቱን ዘርፈዋል፤ የሴቶቹን ራስ ግን አንድ ቀን ልብ ብለው አላዩም።

ታዲያ ለዚህች የጀርመኖች ሰላይ ልብሱን ማን መረጠላት? ደወል። ዕድሜውን በሁለቱም ወገን በረት ጥጃ ሲያዋልድ የኖረ ሰው በቆብ አይሳሳትም። የምስጢር ቃሉን በዱላ አውጥተውበታል። ስለ ቆቡ ሲጠይቁት ግን እሷ እንድትነቃ ሆን ብሎ የተሳሳተውን ነገራቸው።

ደወል ተይዟል።

እሷም መልስ ሰጥታ ራሷን አጋልጣለች።

«ሽቦውን የሚቆርጡት ሰዎች የት ናቸው?» አለች ባለ ክብ ቆቧ። «ትእዛዝ ይዤላቸዋለሁ።»

ጀርመኖቹ ሲሸሹ የባሕሩን ግድብ ሊያፈነዱ አሰናድተዋል። ከግድቡ በታች ያለው መሬት ከባሕሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የሌውንቼ እህት ከነልጆቿ የምትኖረው እዚያ ነው። የማፈንጃው ሽቦ የተቀበረበትን ቦታ ሌውንቼ ደርሳበታለች። ዛሬ ለደወል ልትነግረው፣ የደወል ሰዎች ሊቆርጡት ነበር። ሰዎቹ የት እንደተደበቁ እሷ አታውቅም። ጥያቄው ወደ እሷ ከመጣ ደወል አልተናገረም ማለት ነው።

አላውቅም ብትል እዚሁ ይይዟታል። ብትዋሽና ቦታው ባዶ ሆኖ ቢገኝ የሚመለሱት ወደ ደወል ነው።

«ጡብ ፋብሪካው ውስጥ» አለች። «ከምሳ በኋላ ይሰበሰባሉ። ብዙ ናቸው፣ ጠመንጃም አላቸው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ሴትዮዋ በተዋሰችው ቀሚስ እየተደናቀፈች ሄደች።

ሌውንቼ ነጩን ዳቦ ተቀበለች። ዳቦ ጋጋሪው ማሪኑስ እንደ ልማዱ እጅ ነሳ።

«ለሻምበሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትኩስ ነው በይው።»

ከሰዓት በኋላ የሾርባ ጣሳዋን ይዛ ወደ ግድቡ ወጣች። የሽቦ መቁረጫው ፒንሳ ቅርጫቷ ውስጥ፣ ጥሬ ጎመን ስር ነበር። ጠባቂዎቹን የምስጢር ፖሊሱ ወደ ጡብ ፋብሪካው ወስዷቸዋል። የቀሩት አንድ ሽማግሌ ወታደርና ንፋሱ ናቸው።

«ደግሞ ጎመን!» አለ ሽማግሌው።

«ሩሲያን ብትይዙ ኖሮ ሥጋ እጨምርልህ ነበር።»

«ምላስሽ አንድ ቀን ያስገድልሻል፣ ወይዘሪት።»

«ሂድ፣ ንፋስ በሌለበት ብላ። ሳይቀዘቅዝ።»

ወርዶ ምሽጉ ውስጥ ገባ። እሷ በበጎቹ አጥር በኩል ዞራ ተንበረከከች፣ ሣሩን ገለበጠች። ጥቁሩ ሽቦ ጭቃው ውስጥ ተጋድሟል። ቆረጠችው። እንዳይቀጥሉት ራቅ ብላ ደገመችው፤ መካከለኛውን ቁራጭ መዝዛ ቀሚሷ ስር ጠቀለለች።

የቦት ጫማ ድምፅ።

«ወይዘሪት! ማንኪያው የታለ?»

ሣሩን ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። ቀሚሷን ዘርግታ ላዩ ላይ ቁጢጥ አለች።

«አንተ ባለጌ! ሴት ቁጢጥ ባለችበት ይመጣል? እናት የለህም?»

ሽማግሌው እስከ ጆሮው ቀልቶ ዞረ። «ይቅርታ… ይቅርታ፣ በእጄ እበላለሁ።»

በእጁ በላ።

ማምሻውን የካናዳውያን ታንኮች ከተማው ጫፍ ደረሱ። ሻምበሉ ግድቡ ላይ የማፈንጃውን እጀታ አዞረ። ደግሞ አዞረ። በእርግጫም መታው። ከዚያ የአዋላጂቱን ብስክሌት ነጥቆ፣ ፔዳሉ አልገዛ እያለው፣ ወደ ምዕራብ ሸሸ። ባሕሩ ከግድቡ ወዲያ ቀረ።

ደወልን ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ፣ ግንብ ስር አገኙት። ጡብ ፋብሪካው ባዶ መሆኑ እንደታወቀ ገድለውታል፤ እሷን ለመፈለግ ግን ታንኮቹ ጊዜ አልሰጧቸውም። የሌውንቼ ውሸት ዋጋ ይህ ነበር። ስትናገረው ታውቀው ነበር።

በማግስቱ የከተማው ሰዎች፣ ከጀርመኖች ጋር የተኙ ያሏቸውን ሴቶች ፀጉር ሲቆርጡ፣ እሷንም አደባባዩ ላይ ያዟት። ባለ መቀሱ ማሪኑስ ነበር፤ ክንዱ ላይ የአርበኞቹን ምልክት፣ ብርቱካናማ ጨርቅ አስሯል።

«የሻምበሉ እመቤት! ነይ፣ ነይ እስቲ። ዛሬ ትኩሱን ላንቺ አስቀምጠናል።»

«ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች ሌውንቼ። «ደወልን ጠይቁ» ልትል ነበር፤ አፏ ላይ ቀረ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«ይሄንንማ አልቻልሽበትም» አለ ማሪኑስ። «የቆረጠው የእኔ አማች ነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤትም ቆርጦታል። ሽቦው ለሁሉም በቅቷል! ለአንቺ ግን አልተረፈም።»

ቀሚሷ ስር የነበረውን ቁራጭ ማታውኑ ቦይ ውስጥ ጥላዋለች፤ ሰላይ ማስረጃ አያስቀምጥም። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ትናንት ቆብ አንስተው እጅ ይነሱላት የነበሩ ፊቶች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ማስረዳት አፏን የሚያረክስ መሰላት።

«መቀስህ ዱልዱም ነው፣ ማሪኑስ» አለችው። «እንደ ዳቦህ።»

ፀጉሯ ጫማቸው ላይ ረገፈ።

ከውሃው ማዶ ያለው ደሴት፣ ሰሜን ቤፈላንት፣ ነጻ በወጣ በሳምንቱ በጀልባ ተሻገረች። አንድ ገበሬ ካሮት የሚነቅሉ ሴቶች ይፈልግ ነበር። በቆብ ፋንታ ያሰረችውን ሻሽ አየ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የማንም።»

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከውሃው ወዲያ።»

ገበሬው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ማሳው ጠቆማት። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው በመስመር ይሄዳሉ። ገብታ ጎንበስ አለች። በመንገዱ የሚያልፉ ወታደሮች እጃቸውን ለሴቶቹ ሁሉ አወዛወዙ፤ ሴቶቹም ሁሉ መለሱላቸው፣ ከአንዷ በቀር።