ወፎቹን ያስነሳቸው ጩኸት

ፎቶ አንሺውን ባሕሩ ዳር አገኙት፤ ከወፎች የሚሸሸግበትን መረብ ለብሶ፣ ካሜራውን አቅፎ፣ ጭቃው ላይ በደረቱ እንደተኛ። በየዕለቱ የሚሞላው የባሕር ውሃ ሞልቶበት፣ መልሶ ጎድሏል።

መርማሪዋ ጀልባ ማደሪያው ስትደርስ የሟቹ የሥራ ጓደኛ በካቴና ታስሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አሣ አጥማጆች እሱና ሟቹ ወደ ጭቃው ሲገቡ አይተዋል፤ የወጣው እሱ ብቻ ነው። የሟቹ እናትም ገዳዩ እሱ ነው ብለው አምነዋል። «አብልቼ ያሳደግኩት ሰው ልጄን በላብኝ» ይላሉ።

«ለምን ጥለኸው ወጣህ?» አለችው መርማሪዋ።

«ወፍ እኮ መቁጠር አያውቅም፣ እህቴ። ሁለት ሰው ገብቶ አንዱ ሲወጣ፣ ሰው የለም ብለው የቀረው አፍንጫ ሥር ድረስ ይመጡለታል። ስንት ዓመት የሠራነው እንዲህ ነው። ውሃው ሲመጣ አይቶ ውጣ ብሎ የሚጠራው ታናሽ ወንድሙ ነው።»

ታናሹ በሩ ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

«ጠራኸው?»

«ከኋላው ያለው፣ መመለሻውን የሚቆርጠው ቦይ ገና መሙላት ሲጀምር ሦስቴ ጮህኩ። ሥራ ከያዘ አይሰማም።»

«ከየት ሆነህ?»

«ከግንቡ ላይ። ቅርብ ነው።»

መርማሪዋ የካሜራውን ካርድ አድርቃ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችና ሁሉንም ዙሪያዋ ሰበሰበች።

«የመጀመሪያው ፎቶ የጓደኛው ጀርባ ነው። እየሄደ ነው። ከዚያ በኋላ ሟቹ በየጥቂት ሰከንዱ አራት መቶ ፎቶ አንስቷል፤ ስለዚህ ይሄ ሰው ሲወጣ በሕይወት ነበር። ካቴናውን ፍቱለት።»

ፈቱለት። እናትየው ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።

«አሁን ወፎቹን እዩ። በአንድ እግራቸው ቆመው ተኝተዋል። እዚህ ጋ ውሃው መሙላት ጀመረ፤ ተኝተዋል። እዚህ ጋ ጉልበታቸው ደረሰ፤ አሁንም ተኝተዋል።» ወደ ታናሹ ዞረች። «ሦስቴ ተጩኾ አንዲት ወፍ እንኳ አትነቃም?»

ልጁ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ።

«አምና ቀድሜ ጮኼ ወፎቹን በተንኩበት። ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። ዛሬ እንዲያ ቀርበውለት ሳይ... አንድ ደቂቃ ልተውለት አልኩ። ዞር ስል ቦዩ ሞልቷል። አፌ ተሳሰረ። ዋናም አልችልም።»

መርማሪዋ ልክ መሆን ደስ የሚላት ሴት ናት። ዛሬ ግን ልጁን ይዛው ትሂድ፣ ለእናቱ ትተወው፣ አላወቀችም።

እናትየው የመጨረሻውን ፎቶ ልይ አሉ። ወፎቹ በሙሉ ተነስተዋል፤ ክንፍ ብቻ ነው የሚታየው።

«ታዲያ እዚህ ጋ ማን ጮኸባቸው?»

ታናሹ ፊቱን በእጁ እንደሸፈነ መለሰ።

«እሱ ነው፣ እማዬ። እኔን ሲጠራኝ ነው።»