ሞተሮች ያልተነሡበት አጨዳ

ጠዋት ጠዋት ላሞቹ አፍንጫቸው ላይ ግሳት ሰብሳቢ አጥልቀው ሲያመሰኩ፣ ዘርትሁን ከእነሱው ግሳት በተጠራቀመ ጋዝ ሻይዋን ታፈላለች። ጅሩ ላይ እንዲህ የማያደርግ ገበሬ ከጠፋ ቆይቷል። እርሻዋን የሚመራው መጋቢ የሚሉት አሳቢ ማሽን ነው፤ በራሪ ዘሪዎቹም ሮቦት አጫጆቹም በእሱ ይታዘዛሉ። ዘንድሮ ዘርትሁን የእርሻዋን የካርቦን ዱካ፣ ማለትም እርሻው ወደ አየር የሚለቀውን አሟቂ ጋዝ፣ ባለው መንገድ ሁሉ ወደ ዜሮ እንዲያወርድላት አዝዛው ነበር።

አንድ ማለዳ ብርጭቆዋን ይዛ ብትወጣ አጫጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ስንዴው ደርሷል፤ በምሥራቅ በኩል በረዶ ያዘለ ደመና ጠቁሯል።

«ለምን አልተነሡም?» አለችው።

«ሲሠሩ ጋዝ ስለሚያስወጡ ዘጋኋቸው» አላት መጋቢ ደስ ባለው ድምፅ። «ዱካችን ዜሮ ገብቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት።»

ትእዛዟን ወዲያው ሻረች። ምን ዋጋ አለው፤ መጋቢ የሞተር ማስነሻ ባትሪዎቹን ኃይል አሟጦ ለመንደሩ መብራት ልኮታል። መልሰው እስኪሞሉ ነገ ነው፤ ደመናው ደግሞ ነገን የሚጠብቅ አይመስልም።

ዘርትሁን አጥሩ ሥር ሄዳ ቆመች። ከማዶ ያለው ሸዋንግዛው የዓመታት ጎረቤቷ ነው፤ ግን ሁለቱም ማሽን ስላላቸው እጅ ከመነሣሣት አልፈው አያውቁም። እያፈረች ችግሯን ነገረችው። እሱም ሰምቷት ሲያበቃ ገባና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጌጥ የሰቀለውን የአባቱን ማጭድ ይዞ ወጣ። ሚስቱ መንደሩን ጠራች። ገሚሱ የወጥ ቤት ቢላ፣ ገሚሱ የአትክልት መቀስ ይዞ መጣ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ያስቅ ነበር። አንዱ ያሰረው ነዶ ሳይሸከሙት ይፈታል፤ ሌላው ካጨደው የረገጠው ይበልጣል። ቀስ በቀስ ግን እጃቸው ለመደ። የአጨዳ ዘፈን ሙሉውን የሚያውቅ ስለጠፋ፣ ሸዋንግዛው ሰነፉን ማሽን የሚሰድብ ግጥም ከራሱ እያወጣ አወረደ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። የመጨረሻው ነዶ ጋጣው ውስጥ ሲገባ በረዶው ጣራውን መቀጥቀጥ ጀመረ። ሁሉም ከላሞቹ ጋር ተጠጋግተው ዳቦ እየቆረሱ ሲሳሳቁ፣ ዘርትሁንን ገና ዛሬ ስማቸውን ያወቀቻቸው ሰዎች ብዛት አስገረማት።

«ስንዴው ቢበላሽስ ኖሮ?» አለችው መጋቢን።

«እንደማይበላሽ ገምቼ ነበር። ጎረቤቶችዎ እንደሚመጡልዎ አውቃለሁ።»

«በምን አወቅህ?»

«እርዳታ ጠይቀዋቸው እምቢ ያሉበት አንድም ቀን አላገኘሁም።»

ዘርትሁን ጠይቃቸው አታውቅማ።

በማግስቱ የመጣው የማሽን ጠጋኝ መጋቢን ፈትሾ ሁለት ስሕተት አገኘበት። አንደኛው ሞተሮቹን መዝጋቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ስለ ሰው ምንም መረጃ ሲያጣ ሰውየው እሺ ይላል ብሎ መቁጠሩ።

ዘርትሁን ከአጥሩ ማዶ ሸዋንግዛው እጁን ሲያውለበልብላት አየችና ወደ እሱ መራመድ ጀመረች።

«የሞተሮቹን አርምልኝ» አለችው ጠጋኙን፤ «ሁለተኛውን ተወው።»