አሥራ ሁለት ያለው ማነው?

ማመን የማይፈልግ ሰው እዚህ ጋ ማቆም ይችላል፤ አልቀየምም። እኔ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው። ከመለጠፌ በፊትም እዚያ ለነበረ ሰው አስነብቤዋለሁ። "አንድም ቃል አልጨመሩም" ነው ያለኝ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ግንቦት መጀመሪያ፣ 2016 ዓ.ም.። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ከሃያ።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ሆሳዕና ከተማ ላይ ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ከደጅ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

በዚያ ብርሃን ውስጥ ነው የጀመረው...

ገነቴ እባላለሁ። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ለቅቄ፣ ከባልደረባዬ ከሆሴዕ ጋር ለትርፍ ያልቆመ የወጣቶች ቴአትር ማኅበር አቋቋምን። እሱ ይጽፋል፣ ያዘጋጃል። እኔ ቀሪውን ሁሉ እሠራለሁ።

አዳራሻችን ከመንግሥት የተሰጠን የድሮ የእህል መጋዘን ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ራሳችን በጣውላ የመታነው መድረክ።

"ቀሪውን ሁሉ" ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የመንግሥት ቢሮዎች ደጅ መጥናት ነው።

"ነገ ነይ።"

"ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"ደብዳቤሽ ማኅተም የለውም።"

ማኅተም አስመትቼ ስመለስ ደግሞ... "ውይ፣ ቀኑ አልፏል እኮ።"

ወንበሮቻችንን ለስብሰባ ይወስዱና ግማሹ ሳይመለስ ይቀራል። ወላጆች "ድራማ ምን ይጠቅማታል?" እያሉ ልጆቻቸውን ያስቀሩብናል። ያሳደግናቸውን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ይወስድብናል። አንድ ጎበዝ ተዋናይ ባፈራን ቁጥር በሁለተኛው ዓመት ስልኩ አይነሳም።

የዚያን ዓመቱ ቴአትርም ስለዚሁ ነበር። የበኩር ልጁ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ የጠፋበት ቤተሰብ። መጨረሻው ትዕይንት ላይ ልጁ ሳይታሰብ ይመጣል።

ለማሳየት ፈቃድ ፍለጋ አምስት ወር ተመላለስኩ። በስንት መከራ አንድ ቀን ተቆረጠልን፤ ግንቦት ሃያ ስድስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ያ ቀን ካለፈ አዳራሹን ለሌላ ሥራ እንደሚፈልጉት በግልጽ ነግረውኛል።

እንግዲህ በምን ዓይነት ስሜት ውስጥ እንደነበርኩ ይገባችኋል።

ያን ማክሰኞ ሆሴዕ አንሶሌሞ የሚባል መንደር ሄዶ ስለነበር ልምምዱን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ በቁጥር ጨዋታ ነው የምንጀምረው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቆሙና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ተራ የለም። አንዱ "አንድ" ይላል፣ ሌላው "ሁለት"... እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለት ሰው እኩል ካለ እንደገና ይጀመራል። መደማመጥን ያስተምራል።

ልጆቹ አሥራ አንድ ናቸው። ስለዚህ አሥራ አንድ ላይ ያልቃል።

ጀመሩ።

"አንድ።"

"ሁለት።"

...

"አሥር።"

"አሥራ አንድ።"

ዝም አሉ። ልክ "ጎበዞች" ልል ስል...

"አሥራ ሁለት።"

"ማነው?" አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። እንደገና አስጀመርኳቸው።

አሥራ አንድ ላይ ደረሱ። ዝምታ።

"አሥራ ሁለት።"

"አትቀልዱብኝ! ማነው ሁለቴ የሚለው? ከጎኑ ያለው ሲል የሰማ ይጠቁመኝ።"

ሁሉም እጃቸውን አወጡ።

አሥራ አንዱም... እያንዳንዳቸው በስተግራቸው የቆመውን ልጅ ነበር የሚጠቁሙት።

በዚያ ቅጽበት መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። ጠዋት ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ውዬ ከሰዓት ደግሞ ልጆች ይቀልዱብኝ?

በማግስቱም ያው ሆነ።

ትርፊት የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለችን። የሰው ድምፅ ማስመሰል ትችልበታለች፤ ሆሴዕን ራሱን ስትመስለው ታስቃለች። ከእሷ ሌላ ማን ይሆናል ብዬ...

"ትርፊት፣ ውጪ።"

"ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም።"

"ውጪ አልኩሽ! እስክጠራሽ እንዳትመጪ።"

ደብተሯን አነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ፤ አላለቀሰችም። ያ አስተያየቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

"አሁን እንደገና" አልኩ።

አሥር ልጆች ቀርተዋል።

"...ዘጠኝ።"

"አሥር።"

ፀጥ አለ። ጣሪያው በፀሐይ ይንቋቋል።

"አሥራ አንድ።"

ልጆቹ ዓይናቸውን ከፈቱ። አሁን የሳቀ የለም። አዶናይ፣ ከሁሉም ረጅሙ ልጃችን፣ ቀስ ብሎ ወደኔ ተጠጋና በሹክሹክታ፦

"ቲቸር... ትርፊት አይደለችም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ማነው?"

"ዝም በል።"

ሆሴዕ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቷል። ልጆቹን ሸኝተን ስናበቃ በሀዲይኛ፣ ስንናደድ እንደምናደርገው፣ ተነጋገርን።

"ቆርቆሮው ነው የሚያስተጋባው" አለ።

"ማስተጋባት ቁጥር ይጨምራል እንዴ?"

"ገነቴ፣ በጌታ... ሦስት ሳምንት ነው የቀረን። ጨዋታውን ተዪው፣ በቃ። ይሄንንም ደግሞ የምንሸከምበት ትከሻ የለንም።"

ተውኩት።

ቅዳሜ ትርፊትን ይቅርታ ልጠይቅ ወደምትኖርበት መንደር፣ ወደ ጋሪ ሌሞ ወጣሁ። ከእናቷ ጋር እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። እናቷን ሰላም አልኩና ትርፊትን ለብቻዋ ወደ ጓሮ ወሰድኳት።

"አጥፍቻለሁ። ይቅር በዪኝ።"

እጇን በቀሚሷ ጠራረገች።

"እመጣለሁ ቲቸር። ግን ዓይኔን አልጨፍንም።"

"ለምን?"

"ቁጥሩን ሳይጠራ በፊት... ይተነፍሳል። ከላይ ነው የሚተነፍሰው። አናቴ ላይ።"

ሰኞ መጣች።

የመጣች ዕለት ሱራፌል ቀረ።

ሱራፌል የበኩር ልጁን የሚሠራልን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ አጠር ያለ፣ ሳቂታ። ስልኩ ዝግ ነው። አጎቱ ሱቅ ሄድኩ። አጎትየው ዓይኔን ሳያየኝ "በሞያሌ ወጥቷል" አለኝ። አለቀ። ለቴአትሩ አሥራ አራት ቀን ሲቀረው።

ለሆሴዕ ልምምድ ላይ፣ ልጆቹ ፊት ነገርኩት። ምነው አፌን በያዘኝ።

የያዘውን የድርሰት ወረቀት መድረኩ ላይ በተነው።

"ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት እያስተማርን ለአውቶብስ!"

ልጆቹ ወደ ግድግዳው አፈገፈጉ።

ሆሴዕ ግን ቀና ብሎ ባዶውን መድረክ አየ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

"አንተስ? ቁጥር ብቻ ነው የምታውቀው? ከመጣህ ሥራ! ቦታው ባዶ ነው... ና ውሰደው!"



ምንም አልሆነም። ጣሪያው እንኳን አልተንቋቋም። ወረቀቱን ለቃቅሜ ሰጠሁት። እሱም አፍሮ "በሉ ቀጥሉ" አለ።

ከዚያ በኋላ የሱራፌልን ቦታ ሆሴዕ ራሱ ያዘው፣ ወረቀት እያነበበ። ልጆቹ ግን ይሳሳቱ ጀመር። ሆሴዕ አፉን ሳይከፍት ቀድመው ይመልሳሉ። እሱ ሲናገር ደግሞ ግራ ተጋብተው ያዩታል።

"ምን ሆናችኋል? እስክጨርስ ጠብቁኝ እንጂ!" ይላል ሆሴዕ።

በሦስተኛው ቀን እናትየዋን የምትሠራው ትርፊት ጠየቀችው፦

"ጋሼ... ለምን ሁለቴ ይላሉ?"

"ምኑን?"

"ቃሉን። አንዴ ይላሉ፤ ከዚያ እንደገና ያነቡታል።"

ሆሴዕ አየኝ። እኔም አየሁት። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሰማሁት።

ለምን አላቆማችሁም ትሉኝ ይሆናል። አምስት ወር የተመላለስኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልሰርዝ? ቢሮ ገብቼ "ትርፍ ሰው አለብን" ልበል?

ግንቦት ሃያ ስድስት ደረሰ። አዳራሹ በሰው ሞላ። የልጆቹ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ ከዱራሜና ከሀደሮ ድረስ የመጡ ሰዎች። ፊት ለፊት እንግዶቹ፤ "ነገ ነይ" ሲለኝ የከረመውም ሰውዬ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሆሴዕ ከመጋረጃው ጀርባ እጄን ያዘኝ። አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም።

"ምን ሆንክ?"

በትንፋሽ ብቻ፣ ጆሮዬ ላይ፦ "ጠዋት ደህና ነበርኩ... አሁን ተዘጋ።"

ማልቀስ አማረኝ። ሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል... ምንም አልሠራም።

"እንሰርዘው" አልኩት።

ጭንቅላቱን በእምቢታ ነቀነቀ። "ቦታውን ባዶ እንተወው። ልጁ አይታይ። ልጆቹ ባዶውን ቦታ እያዩ ያውሩ። ሰው ሆን ብለን ያደረግነው ይመስለዋል።"

ለልጆቹ ነገርናቸው። ማንም አልተቃወመም። አዶናይ ብቻ "እሺ... እንደ ልምምዱ ነዋ" አለ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ።

እኔ ከመጋረጃው ጥግ ቆሜ አያለሁ። መጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። የመድረኩ በር ተከፈተ፤ የገባ ሰው የለም። ትርፊት ግን እንደ እናት ጮኸች። አዶናይ እንደ ታናሽ ወንድም ሮጠ።

ከዚያ ዝም አሉ። የልጁን ንግግር ያህል ጊዜ ዝም ብለው፣ አንድ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ተክለው...

ከሱራፌል ቁመት በጣም ከፍ ወዳለ ቦታ ነበር የሚያዩት።

እና ሕዝቡ ሳቀ።

በዚያ ቦታ ልጁ ስለ ድንበር ፖሊስ የሚናገራት ቀልድ አለች። ሕዝቡ በትክክል እዚያ ላይ ሳቀ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ዝምታ ብቻ።

ቀጥሎ ስለ ሞቱት ጓደኞቹ የሚናገረው አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ ሲንሰቀሰቁ ሰማሁ። ሆሴዕን ዞር ብዬ አየሁት፤ ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የልጁን ቃል እየተናገረ ነበር... ያለ ድምፅ።

ቀሪውን ከመናገሬ በፊት ይሄን እወቁ። ሆሴዕ ድምፁ በማግስቱ ተመለሰ። አሁን ሀደሮ ያስተምራል፤ ደህና ነው፤ ቴአትር ግን አልነካም። ስለዚያ ቀን አንነጋገርም። ሱራፌል ከሁለት ወር በኋላ ከጆሃንስበርግ ደወለ፤ በሕይወት አለ። ማኅበሩን እኔ ነኝ የዘጋሁት። ያን ሁሉ ዓመት ሊዘጉብኝ የታገሉት ሰዎች "ለምን ትዘጊያለሽ?" ብለው ተቆጡኝ።

አዶናይም ደህና ነው። ይሄን ያስነበብኩት ለእሱ ነው።

ቴአትሩ አለቀ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን ሊነቅለው ደረሰ። አሥሩ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው እጅ ሊነሱ ተሰለፉ።

መሐል ላይ ክፍተት ነበር።

በትርፊትና በአዶናይ መካከል፣ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት። የሁለቱም እጅ ወደ ክፍተቱ ተዘርግቷል። ጣታቸው ተጨብጧል።

"ዝጉት" አልኩ ከጥግ፣ በሹክሹክታ። "ተጠጉ፣ ክፍተቱን ዝጉት።"

ትርፊት ሳትዞር ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። እንባዋ ይወርድ ነበር።

ሰልፉ ጎንበስ አለ። ቀና አለ።

"ነገ ነይ" ይለኝ የነበረው ሰውዬ ወደ እኔ መጣ፤ እጄን ጨብጦ በሳቅ፦

"ያ ረጅሙ ልጅ... ያ መጨረሻ ላይ የገባው። የማን ልጅ ነው? እንዲህ ያለ ሰው ይዘሽ ነው እንዴ ደጅ ስትጠኚ የከረምሽው?"

ሕዝቡ ይወጣ ጀመር። ልጆቹ እጃቸውን ተላቀቁ። ትርፊት እጇን መንጭቃ ወደ እናቷ ሮጠች።

መድረኩ ላይ አዶናይ ብቻ ቀረ።

ግራ እጁ ወደ ጎንና ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ ትልቅ ሰው እንደያዘው ሕፃን። ጣቶቹ ደም አጥተው ነጥተዋል።

"አዶናይ፣ ና ውረድ።"

"ቲቸር..." አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል። "አይለቀኝም።"

ወጥቼ ቀኝ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከጣሪያው ሽንቁር የገባ ፀሐይ ፊቱ ላይ አርፏል። ከእኛ ከሁለታችን በቀር መድረኩ ላይ ማንም የለም።

ወደ እኔ ሳብኩት።

ከዚያኛው ወገንም ተሳበ።