የሚኮረኩረው ግድግዳ

ፍየሏ ግድግዳው ሥር በጎኗ ተዘርግታለች፤ ዓይኗ ግን እንደተከፈተ ነው። ባለሱቁ አቡዘር ጎንበስ ብሎ አፏን ፈልቀቅ አደረገና ተበሳጭቶ ቀና አለ።

«ፌስታል በልታ ነው! ስንቴ ነው የምናገረው? ፌስታላችሁን መንገድ ላይ አትጣሉ አላልኩም?»

የተሰበሰበው ሰው ራሱን ነቀነቀ። በጅቡቲው ሰፈር በካርቲየ 5 ፍየል የሚሞተው ወይ በታክሲ ነው ወይ በፌስታል፤ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ የለም። የትሁን እናት መዓዛም ከደጃፏ ሆና «ወይኔ፣ ምስኪን!» አለችና ባዶ ሳፋዋን ይዛ ገባች።

ትሁን ግን እግሯ አልነቃነቅ አላት። ፍየሏ የተኛችበት መሬት እርጥብ ነው። እናቷ ቅድም የደፋችው የልብስ እጣቢ ወርዶ ወርዶ የግድግዳው ቆርቆሮ ሥር ተጠራቅሟል። ፍየሏ እዚያ ውስጥ ገብታ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ስታሽ ትሁን በዓይኗ አይታታለች። አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ወደቀች፣ በቃ። ፌስታል እንዲህ አይገድልም።

«እማዬ፣ ፍየሏን የገደላት ግድግዳው ነው» አለች ቤት እንደገባች።

መዓዛ ሳቋ አመለጣት። «ኮርኳሪው? ኧረ ባክሽ! እኔ እንዳንቺ ልጅ ሆኜ ስንት ዓመት ተጫውቼበታለሁ። ማንንም ገድሎ አያውቅም።»

እውነቷን ነው። የእነ ናዒማ ቤት ግድግዳ ከጥንት ጀምሮ ይነዝራል። ከቆርቆሮው ኋላ የሆነ ያረጀ ሽቦ ይነካዋል ይባላል፤ የት ጋ እንደሆነ የፈለገም የለም። አመሻሽ ላይ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሰለፋሉ። የመጀመሪያው በእጁ ጀርባ ቆርቆሮውን ነካ ያደርጋል፤ ኩርኮራው ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈ መጨረሻው ልጅ ጋ ይደርሳል። ቀድሞ እጁን የለቀቀ ፋራ ነው። አያቷ በባቡሩ ዘመን እዚህ ሰፈር ከገቡ ወዲህ ያደገ ልጅ ሁሉ እዚህ ግድግዳ ላይ ተንጫጭቷል። ትልልቆቹ ለሠርግም ለለቅሶም በተገናኙ ቁጥር «ያ ኮርኳሪ ትዝ ይላችኋል?» ይባባሉና እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ትሁንና ናዒማም ጓደኛ የሆኑት እዚያው ሰልፍ ላይ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው።

ሰሞኑን ግን ግድግዳው መኮርኮሩን ትቶ መምታት ጀምሯል። ትናንት ታናሽ ወንድሟ ጌቾ እስከ ክርኑ የደነዘዘ እጁን እያሳየ «ተመልከቺ፣ አልለቀቅኩም!» ብሎ ሲፎክርባት ነበር።

ትሁን ሄዳ ናዒማን ጠራቻት። ናዒማ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ከውስጥ የማቀዝቀዣው፣ የክሊሙ፣ ጉርምርምታ ይሰማል።

«ቀስ በይ፣ አባ ተኝቷል። ሌሊት ወደብ ነው ያደረው።»

«እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ ሰሞኑን ክሊሙን ሲያስገባ ምን ሆነ?»

ናዒማ ነጠላ ጫማዋን መሬቱ ላይ እየፈተገች ቆየች።

«ገመዱን በቆርቆሮው ሥር ነው ያሳለፈው። ከውጭ ምስማር ሲመታ፣ ከውስጥ ብልጭ አለ። እኔ ነኝ ያየሁት፣ እሱ አላየም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ትቀልጃለሽ? ወንድሜን ሙቀቱ ሊገድለው ነበር እኮ! አራስ ልጅ ነው፣ ገላው ሁሉ ቆስሎ ሆስፒታል ሲመላለስ አላየሽም? ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው። ብነግረው ዛሬውኑ ይነቅለዋል።»

«ፍየል ሞተች እኮ፣ ናዒማ!»

«ፌስታል ነው የበላችው። ሁሉም ሰው ያለው እንደዚያ ነው።» ናዒማ እጇን ያዘቻት። «በናትሽ፣ ሙቀቱ እስኪያልፍ ብቻ። ወላሂ ማንም አይነካውም፣ በመስኮት ሆኜ እጠብቃለሁ።»

ትሁን «እሺ» አለች። ከአፏ እንደወጣ ግን ቅር አላት።

ጫቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ለመቃም ተቀምጦ ሰፈሩ ጭር ሲል ሰማዩ ከባሕሩ በኩል ጠቆረ። እንዲህ ያለ ጥቁረት ጅቡቲ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። አየሩ ከብዶ መተንፈስ አስቸገረ፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። ትሁን የፈረንሳይኛ የቤት ሥራዋ ላይ አቀርቅራለች፤ ግን አንድ መስመር እንኳ አልገባትም። ጆሮዋ ውጭ ነው። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ጣሪያው ላይ አረፈ። ወዲያው የልጆች ጩኸት ቀለጠ።

«ዝናብ! ዝናብ! ኮርኳሪው ጋ! ኮርኳሪው ጋ!»

እስክሪብቶዋን ወርውራ ወጣች። ልጆቹ በባዶ እግራቸው፣ ጭቃው ውስጥ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሰልፈዋል። ከፊት ያለው ጌቾ ነው። ግድግዳው በውኃ ርሶ ያብለጨልጫል። ከመስኮቱ ወንፊት ኋላ የናዒማ ፊት ይታያል፤ ዓይኗ ልጆቹ ላይ ነው፣ አፏ ግን ዝም ብሏል።

ጌቾ እጁን ዘረጋ። በእጁና በቆርቆሮው መካከል አንድ ስንዝር ቀርቶ ነበር፣ ትሁን ከነሸሚዙ ጎትታ ስትጥለው።

«ምን ሆነሻል አንቺ!» ጌቾ ከጭቃው ተነሥቶ አፈጠጠባት።

«ፋራ! ፋራ!» ልጆቹ ጮኹባት።

ሁሉንም አባርራ ብትገባ፣ ፊቷን እንዳዞረች ይመለሳሉ። ነገም ከነገ ወዲያም ይመለሳሉ። ዕድሜ ልኳን ግድግዳ ስትጠብቅ ልትኖር አትችልም። የጌቾን እጅ ጨምድዳ ይዛ ወደ እነ ናዒማ በር ሄደች። ወደብ አድሮ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም፤ የናዒማ አባት ከይረዲን ደግሞ ቁጣው ሰፈሩን ያንቀጠቅጣል። ናዒማ በመስኮቱ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀችላት፣ ለመነቻት።

ትሁን በሩን በቡጢ ደበደበችው።

ከይረዲን ሽርጡን እያጠበቀ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ወጣ። «ምንድነው? ማን ሞተ?»

«አዴር ከይረዲን» አለች፤ በሶማሊኛ አጎቴ እያለች ነው ያደገችው። «ክሊሙን ያጥፉት። ግድግዳው ሰው ሊገድል ነው።»

ይጮኽብኛል ብላ ስትጠብቅ እሱ ሳቀ። «ኮርኳሪው? አንቺ ልጅ! እኔና እናትሽ በምን ያደግን መሰለሽ? ነይ፣ ላሳይሽ።»

በባዶ እግሩ ውኃው ውስጥ ገባ። ልጆቹ በደስታ ፈነደቁ። ትሁን ሽርጡን ለመያዝ እጇን ዘረጋች፣ አልደረሰችበትም። ከይረዲን እየሳቀ ክንዱን አነሣ።

«አባ! አትንካው! አባዬ!»

የናዒማ ጩኸት ሰፈሩን ሰነጠቀው። የከይረዲን እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

«ምን አልሽ?»

«ምስማሩ ገመዱን በስቶታል» አለች ናዒማ እያለቀሰች። «ያን ቀን አይቼዋለሁ።»

ከይረዲን እጁን አየ። እግሩ የቆመበትን ውኃ አየ። ፍየሏ ወድቃ የነበረችበትን ቦታ አየና ኋላ ኋላ እያለ ገባ። የክሊሙ ጉርምርምታ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ።

እናቶች እየተሯሯጡ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። መዓዛ ጌቾን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወሰደችው፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ትሁን ዝናቡ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ አላላትም። ናዒማ ድምፅ ነበራት። ጌቾ እጁን ሲዘረጋም እዚያው መስኮት ላይ ነበረች።

ናዒማ ሕፃኑን የምታራግብበትን ካርቶን እንደያዘች ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ትሁን . . . ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄጂ ትጠሪኛለሽ፣ አይደል?»

ሁልጊዜ የምትጠራት ትሁን ናት። እሺ ልትላት ፈለገች፤ የሕፃኑ ለቅሶ አንጀቷን በልቷታል። ናዒማንም ትወዳታለች፣ ያናደዳትም እሱ ነው።

«አልጠራሽም» አለች በመጨረሻ፤ የድምፅዋ እርጋታ ራሷንም አስገረማት። «መምጣት ከፈለግሽ አንቺ ነይ። እኔን ሳይሆን ግን ጌቾን ጥሪው፤ ለምን ዝም እንዳልሽ ለሱ ንገሪው።»