ቆሞ የቀረው ሰውዬ

ትንሿ ስክሪን ላይ ያለው ሰውዬ አንድ እግሩን አነሳና እዚያው ቀረ።

«ይሄ ጌም ነው ወይስ ፎቶ?» አለ አለቃ። የክፍል አለቃ ስለሆነ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራው። ቤተ ሙከራው በሳቅ አውካካ።

ብየዳ አልሳቀም። የጌም መጫወቻ ኮንሶሉን ከአሮጌ ሬዲዮና ከተጣለ ስልክ ዕቃ ለቃቅሞ ሦስት ወር ሙሉ የሠራው እሱ ነው፤ ቅጽል ስሙም የጣቶቹ ጠባሳም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጌሙን ላፕቶፗ ላይ የጻፈችው ደግሞ ቁንጫ የሚሏት ልጅ ናት። የፈጠራ ሥራ ውድድሩ ነገ ነው።

«እስቲ ያንቺን አሳዪን» አሏት የፊዚክስ መምህሩ።

ላፕቶፑን ከፈተች። ኮንሶሉን አስመስሎ የሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ ያው ሰውዬ እንደ ፌንጣ ዘለለ።

«በቃ፣ ችግሩ የብየዳ ቦርድ ነዋ!» አለ አለቃ። «የአባቱ ልጅ አይደል? አባቱ የጠገነው ቴሌቪዥንም ሳምንት አይከርምም።»

ሁሉም ሳቀ። ቁንጫም ሳቀች። ምን ያስቃታል? ያውም እያወቀች! ብየዳ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የኮንሶሉ ሜሞሪ ስንት እንደሚይዝ በወረቀት ጽፎ ሰጥቷታል። ፕሮግራሙ «ሞልቷል፣ ሞልቷል» እያለ ሲነዘንዛት ግን የሜሞሪ ገደቡን አጠፋችና ደመናውንም ዛፉንም እንዳሻት ጨመረችበት።

ብየዳ እሷን ብቻ አየ። «ገደቡን አብርተሽ ሞክረሽዋል አይደል?»

«አዎ» አለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዲህ በላፕቶፑ ታቀርባላችሁ።» ወደ ብየዳ ዞሩ። «አንተ ነገ አትምጣ።»

«ቲቸር፣ ሦስት ወር እኮ ነው...»

«ጨርሻለሁ።»

አለቃ እያፏጨ የብየዳን ስም ከውድድሩ ፖስተር ላይ በማርከር ደለዘው። ብየዳ ቦርዱን አንስቶ ሲወጣ ከኋላው ጮኸበት፤ «መበየጃህን ረስተሃል! ለአባትህ ያስፈልገዋል!» ከዚያ ወደ ቁንጫ ጎንበስ አለ።

«ገደቡን እንዳጠፋሽው አይቻለሁ» አላት በጆሮዋ። «ዝም አይነቅዝም።»

ሁሉም ከወጡ በኋላ ቁንጫ ላፕቶፑ ላይ ገደቡን አበራችው። ሰውዬው አንድ እግሩን አነሳና እዚያው ቀረ።

ላፕቶፑን እንደተከፈተ ታቅፋ እየሮጠች ወጣች። ብየዳ ኮሪደሩ ላይ የለም። በሩ አጠገብ ባለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ቦርዱ ለሁለት ተሰብሮ ተጥሏል። ወይኔ! ቦርዱ ይሰበር እንጂ አንድም የተበየደ ሽቦ አልተላቀቀም። እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ሁለቱን ስባሪ አንስታ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችና ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። አለቃ ከመምህሩ ጋር ቆሞ ይስቃል። ሲያያት ሳቁን አቆመና በዓይኑ «ተይ» አላት።

«ቲቸር» አለች፣ ላፕቶፑን ፊታቸው እያስቀመጠች፤ «እኔም ጋ ቆሟል።»