በሁለተኛው ሳጥን የሆነው

ፈትያ የሁለተኛውን ሳጥን ክዳን ስታነሳ መጀመሪያ ያየችው ደሙን ነው። ከአራቱ ነጫጭ አይጦች አንዷ ሆዷ ተዘርግፎ በጀርባዋ ወድቃለች። ሦስቱ አፋቸውን ሆዷ ውስጥ ቀብረው ይቦጫጭቋታል። በእንጨት ልትለያቸው ስትሞክር እንጨቱን ነከሱት።

የምግብ ሳህኑ ተልሶ ደርቋል። የአጋሙ ጭማቂ ግን እስከ አፉ ሞልቷል።

«ሀይሚ!»

ሀይሚ ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ የነገውን ውድድር ፖስተር እየለጠፈች ነበር። የሳይንስ ክበቡ ሥራ የሁለቱ ነው። ሁለቱም ሳጥኖች ቅቤ የበዛበት ምግብ ይሰጣቸዋል፤ ለሁለተኛው ሁለት ቀን የተብላላ የአጋም ጭማቂ ይጨመርለታል። አጋሙ ውፍረትንና የጉበት ስብን ይቀንስ እንደሆነ ለማየት ነው። ሁለተኛውን ሳጥን የምትመግበውና የአይጦቹን ክብደት ቻርት ላይ የምትመዘግበው ሀይሚ ናት።

«ምግብ ከነሳሻቸው ስንት ቀን ሆነሽ?» አለቻት ፈትያ።

«አታካብጂ፣ አራት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ግማሽ ግማሽ እሰጣቸው ነበር። ነገ ዳኞች ይመጣሉ፤ ካልቀነሱ ምን ልናሳይ ነው?»

«በረሃብ ነው እንዴ የከሱት? አባቴ እኮ ጉበቱ ላይ ስብ አለበት! ቻርትሽን አምኖ ነው የክሊኒክ ቀጠሮውን የተወው!»

«ቻርቱን ማን አሳየው? እኔ ነኝ ጠጣ ያልኩት?»

ፈትያ በጥፊ አጮለቻት። ሀይሚ የፈትያን ሻሽ ጨምድዳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመቻት፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ፈትያም የሀይሚን ፀጉር ይዛ አፍንጫዋን በቡጢ መታቻት። አንድ ጊዜ አልበቃትም። ደሙ ፖስተሩ ላይ ተረጨ። ወለሉ ላይ ተያይዘው ሲንከባለሉ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ገብረሃንስ ደርሰው ጎትተው አላቀቋቸው።

«ተዉ እንጂ! እናንተም ልትበላሉ ነው እንዴ?»

ፈትያ የሞተችውን አይጥ በጫማ ካርቶን ከታ ወጣች።

የካ አባዶ ቤቷ እስክትደርስ ታክሲ ውስጥ ከንፈሯ እየጠዘጠዛት ስታስብ ሄደች። አጋሙ ይሠራ ይሆናል፤ ላይሠራም ይችላል። እነሱ ግን የሚያውቁት ነገር የለም። ገና በሙከራው ሁለተኛ ሳምንት ለአባቷ ቻርቱን እያውለበለበች የሮጠችው ደግሞ እሷው ናት።

አባቷ አብዱልገኒ ሚኒባሱን አቁሞ ገብቷል። ቀበቶውን አላልቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ቀዩ የአጋም ጭማቂ በእጁ ነው።

«አላህ! ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ አባዬ።»

«ምነው፣ አይጦቹ መልሰው ወፈሩ?» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከቁም ሳጥኑ የክሊኒኩን ካርድ አውጥታ ክዳኑ ላይ አስቀመጠችና አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ቻርቱን ያሳየሁህ እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች።